ኬስትሬል ነው ወይስ ስፓሮውሆክ? ያያችሁትን ትንሽ አዳኝ ወፍ ለመለየት

«ትንሽ ጭልፊት አየሁ፤ ቡናማ ነው፤ ደረቱ ዝንጉርጉር ነው፤ ምን ይሆን?» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ምን ሲያደርግ አየኸው? ከትንንሽ አዳኝ ወፎች መካከል ስለ አንዱ ቡናማና ዝንጉርጉር ነው ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። ሴቷ ኬስትሬል ቡናማ ናት፤ ለጋው ስፓሮውሆክ ቡናማ ነው፤ ሴቷ መርሊንም እንደዚያው። የሦስቱም ወንዶች ደግሞ ከራሳቸው ወይም ከጀርባቸው ወደ ግራጫ ያደላሉ። ከቀለም የጀመረ ሰው ግማሽ ቀን መጽሐፍ ሲያገላብጥ ይውልና መጨረሻ ላይ ደስ ያለውን መርጦ ይተኛል።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ላስቀድም። እኛ ጭልፊትም ጭላትም እንላለን፤ አንዱን በሌላው ቦታ የሚጠራም ብዙ ነው። ዝርያ ለመለየት ሲሆን ሁለቱም ሰፊ ናቸው። ስለዚህ ወፍ ተመልካቾች የሚጠቀሙባቸውን የውጭ ስሞች እንዳሉ ወስጃለሁ፦ ኬስትሬል፣ ስፓሮውሆክ፣ መርሊን፣ ሆቢ። ጠቅላላውን ወገን ስጠራ ፋልከን እና ሆክ እላለሁ፤ ኬስትሬል፣ መርሊንና ሆቢ ፋልከኖች ናቸው፤ ስፓሮውሆክ ሆክ ነው።

መጀመሪያ ወገኑን፣ ከዚያ ዝርያውን

ትልቁ ምርጫ እዚህ ላይ ነው። ያያችሁት ወፍ ፋልከን ነው ወይስ ሆክ? ይህ ከተለየ ሥራው ከግማሽ በላይ አልቋል።

የፋልከን ክንፍ ረጅም፣ ጫፉ የሾለ፣ እንደ ማጭድ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። የትንሹ ሆክ ክንፍ አጭርና ሰፊ ሲሆን ጫፉ ክብ ነው፤ ላባዎቹም እንደ ተዘረጋ ጣት ተለያይተው ይታያሉ። ጅራቱ ደግሞ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ረጅም ነው፤ ዛፍ መሐል በሩጫ ሲታጠፍ መሪው እሱ ነው። ክንፉን ያሳጠረውም ይኸው የጫካ ኑሮ ነው፤ ቅርንጫፍ በበዛበት ቦታ ረጅም ክንፍ ይሰበራል።

ዓይኑን ማየት ከቻላችሁ ደግሞ እሰየው። የፋልከን ዓይን ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከሩቅ እንደ ጥቁር ዶቃ ይታያል፤ ዙሪያውን ቢጫ የቆዳ ቀለበት ይከብበዋል። የስፓሮውሆክና የዘመዶቹ ዓይን ግን ራሱ ቢጫ ነው፤ ሲያድጉ ወደ ብርቱካናማ አንዳንዴም ወደ ቀይ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ስፓሮውሆክ የተቆጣ፣ ኬስትሬል የዋህ ይመስላል። ባሕርያቸው ግን ከመልካቸው ጋር አይገናኝም፤ ሁለቱም ሥጋ በል ናቸው።

አንድ የምወደው ነገር፦ እነዚህ ሁለት ወገኖች ይመሳሰሉ እንጂ የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነ ሰፊ የዘረመል ጥናት ፋልከኖች ለሆክና ለንስር ከመቅረብ ይልቅ ለበቀቀንና ለዘማሪ ወፎች እንደሚቀርቡ አሳይቷል። የአገዳደላቸው ልዩነትም የታወቀ ነው። ፋልከን የላይኛው መንቁሩ ላይ እንደ ጥርስ ያለ ሹል ነገር ስላለው ያደነውን አንገቱን ነክሶ ይጨርሰዋል፤ ሆክ ግን በእግሩ ጨብጦ በጥፍሩ ይገድላል። ጎጆ የሚሠራውም ሆክ ነው። ፋልከን ገደል ላይ፣ የሕንጻ ሽንቁር ውስጥ ወይም ቁራ ጥሎት በሄደው ጎጆ ይፈለፍላል እንጂ እንጨት ሲለቅም አይታይም። ስለዚህ ትንሹ አዳኛችሁ በምንቃሩ ጭራሮ ይዞ ከበረረ ኬስትሬልን ከዝርዝሩ ሰርዙት።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያስት ወጥመድ አለ። ኬስትሬል ከፍ ብሎ ሲዞር ክንፉንና ጅራቱን ይዘረጋል፤ ያኔ የክንፉ ጫፍ ክብ መስሎ ይታያል። ስፓሮውሆክም በተራው ቁልቁል ሲወነጨፍ ክንፉን ይሰበስብና ሹል ይሆናል። ላባ የሚቀይር ወፍ ደግሞ ክንፉ ጎዶሎ ሆኖ ምንም ሊመስል ይችላል። የክንፍን ቅርጽ በአንድ ቅጽበት አትፍረዱ፤ ወፉ ሲያርገበግብም፣ ሲንሳፈፍም፣ ሲታጠፍም እዩት።

ኬስትሬልና ስፓሮውሆክ ጎን ለጎን

ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያልቁት በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። መጠናቸው ይቀራረባል። ኬስትሬል ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ከ32 እስከ 39 ሴንቲሜትር ነው፤ ወንዱ ስፓሮውሆክ ከ29 እስከ 34፣ ሴቷ ከ35 እስከ 41 ሴንቲሜትር ትደርሳለች። በስፓሮውሆክ ሴቷ ከወንዱ እስከ ሩብ ያህል ትበልጣለች፤ ወንዱ ድንቢጥ የሚያህሉትን ሲያሳድድ እሷ ርግብ ትጥላለች። ሁለቱን ለየብቻ ያየ ሰው ሁለት ዝርያ አየሁ ቢል አይፈረድበትም።

ኬስትሬልን የሚያጋልጠው ባለበት መቆሙ ነው። ሜዳ ላይ ከ10 ወይም ከ20 ሜትር ከፍታ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ክንፉን ያርገበግባል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። በባይኖኩላር ስታዩት የሚያስገርመው ራሱ ነው። ክንፉ ይንቀጠቀጣል፣ ጅራቱ ይጠማዘዛል፣ ሰውነቱ ነፋሱ እንደገፋው ይወዛወዛል፤ ራሱ ግን በሚስማር የተመታ ያህል አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዓይኑ ከታች ካለው ሣር አይነቀልም። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ይቆማል፣ እንደገና ዝቅ ይላል፤ በመጨረሻ እግሩን አስቀድሞ ይወርዳል። የሚፈልገው አይጥ ነው፤ ፌንጣና እንሽላሊትም አይንቅም።

ስፓሮውሆክ እንዲህ አያደርግም። ያደፍጣል፤ ከዚያ አጥር ታክኮ፣ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ ይመጣና አጥሩን ድንገት ተሻግሮ ወፎቹ መሐል ይገባል። ብዙ ሰው ስፓሮውሆክን የሚያውቀው በማየት ሳይሆን ከእሱ በኋላ በሚመጣው ጸጥታ ነው፤ ሲንጫጫ የነበረው ቁጥቋጦ በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። ረጋ ብሎ ሲበር ደግሞ አካሄዱ የታወቀ ነው፦ አራት አምስቴ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ያርገበግባል፣ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ይንሸራተታል፣ እንደገና ያርገበግባል። መሬት ላይ ወፍ ረግጦ ላባ ሲነጭ ያያችሁት ትንሽ አዳኝም በአብዛኛው እሱ ነው። ሲሄድ ክብ ሠርቶ የተበተነ ላባ ትቶ ይሄዳል።

ተቀምጦ ካገኛችሁት ሦስት ቦታ እዩ። አንደኛ የክንፉ ጫፍ ከጅራቱ አንጻር የት ይደርሳል? የስፓሮውሆክ የጅራቱን ግማሽ ያህል ላይ ይቀራል፤ የኬስትሬል ብዙ ርቆ ይወርዳል፣ ግን ከጅራቱ ጫፍ አይደርስም። ሁለተኛ እግሩ፦ የስፓሮውሆክ እንደ ሽቦ ቀጭንና ረጅም ነው፤ የመሐል ጣቱም በጣም ይረዝማል፣ ወፍ በላባ ውስጥ ለመያዝ። የኬስትሬል እግር አጠር ያለ ነው። ሦስተኛ ደረቱ፦ የጎለመሰ ስፓሮውሆክ ደረት ከጎን ወደ ጎን በሄዱ አግድም መስመሮች የተሞላ ነው፤ የኬስትሬል ግን ከላይ ወደ ታች የተንጠባጠቡ ነጠብጣቦች አሉት። አግድም ወይስ ቁልቁል የሚለውን ብቻ ማስታወሻችሁ ላይ ብትጽፉ እንኳ በኋላ ብዙ ይረዳችኋል።

ቀለም አሁን ይምጣ። ወንዱ ኬስትሬል ራሱና ጅራቱ ግራጫ፣ ጀርባው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የሸክላ ቀለም ነው፤ ጅራቱ ጫፍ ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር ቀበቶ አለ። ሴቷ ከራስ እስከ ጅራት ቡናማ ሆና መስመር የበዛባት ናት። ሁለቱም ከዓይናቸው ሥር ቁልቁል የወረደ ቀጭን ጥቁር ሪዝ አላቸው። ወንዱ ስፓሮውሆክ ጀርባው ሰማያዊ ግራጫ፣ ጉንጩና ደረቱ ብርቱካናማ ነው። ሪዝ የለውም።

ይህ ሁሉ ለአውሮፓ፣ ለእስያና ለአፍሪካ ነው። በአሜሪካ አህጉራት ጥንዶቹ ይለወጣሉ፤ እዚያ ምርጫው በአሜሪካ ኬስትሬልና ሻርፕሺንድ በሚባለው ሆክ መካከል ነው። የአሜሪካው ኬስትሬል ትንሽዬ ናት፤ ፊቷ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ጥቁር መስመር አላት፤ የወንዱም ክንፍ ሰማያዊ ግራጫ ነው። ቀድሞ እዚያ ይህችን ኬስትሬል ስፓሮውሆክ ይሏት ስለነበር በአሮጌ የአሜሪካ መጽሐፍ ላይ ያነበባችሁት ስፓሮውሆክ በእርግጥ ኬስትሬል ሊሆን ይችላል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካና በደቡብ እስያ ደግሞ ሺክራ የሚባል ትንሽ ሆክ አለ፤ የጎለመሰው ወንድ ዓይኑ ደም የመሰለ ቀይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የሺክራ ሳይንሳዊ የወገን ስም ከአክሲፒተር ወደ ታኪስፒዛ ተለውጧል፤ ሁለት መጽሐፍ ላይ ሁለት ስም ብታገኙ ወፉ ያው ነው።

አዳኝ ያልሆነው አዳኝ መሳይ

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ ይህ ነው፤ እኔንም ጨምሮ ያልወደቀበት የለም። ኩኩ የሚባለው ወፍ ጀርባው ግራጫ፣ ሆዱ በአግድም መስመር የተሞላ፣ ጅራቱ ረጅም ነው። ስፓሮውሆክ ካላችሁት ትክክል መስሏችኋል፤ ትንንሽ ወፎችም እንደ እናንተው ይደነግጣሉ። ኩኩ እንቁላሉን በሌላ ወፍ ጎጆ የሚጥል ነው፤ ባለቤቶቹን ማስፈራራቱ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ አንዱን ግንድ ላይ አገኘሁና «ወንድ ስፓሮውሆክ» ብዬ በኩራት መዘገብኩ። ሲበር ግን ክንፉ ሹል ሆነ፤ ያውም ከጀርባው መስመር ወደ ላይ ሳይነሳ ዝቅ ዝቅ እያለ ነበር የሚያርገበግበው። ምንቃሩን ሳየው ደግሞ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ብቻ በትንሹ የጎበጠ። መዝገቤን ሰረዝኩት።

ሽራይክ የሚባለውም ያሳስታል። ምንቃሩ እንደ ጭልፊት ቆልማማ ነው፤ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭምብል አጥልቋል፤ ፌንጣና ትንሽ እንሽላሊት ይዞ እሾህ ላይ ይሰካል። ግን ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው፤ እግሩን ካያችሁ ጭልፊት የሚያስፈራበት ጥፍር የለውም፤ ለዚህ ነው እሾህ የሚያስፈልገው። ቀን የሚወጡ ትንንሽ ጉጉቶችም አሉ፤ እነዚህ ፊታቸው ጠፍጣፋ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ወደፊት የሚያዩ ስለሆኑ ፊታቸውን ካዞሩላችሁ አይጠፏችሁም።

ባለበት የቆመ ሁሉ ኬስትሬል አይደለም

ነጭ ሆኖ ባለበት የሚቆም ካያችሁ ባለጥቁር ክንፉ ካይት ነው። ከኬስትሬል ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል፤ ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ፈዛዛ ግራጫ፣ ትከሻው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለው፤ ዓይኑ ቀይ ነው። ሽቦ ላይ ሲቀመጥ ጅራቱ አጭር በመሆኑ የክንፎቹ ጫፍ ከጅራቱ አልፎ ይታያል። ሲንሳፈፍም ክንፎቹን ወደ ላይ አንስቶ ነው። በጥሩ ብርሃን ከኬስትሬል ጋር የሚያምታታበት ምክንያት የለም፤ ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ግን ሁለቱም ጥቁር ጥላ ናቸው፤ ያኔ ጅራቱን ለኩ። አጭር ከሆነ ካይት፣ ረጅም ከሆነ ኬስትሬል።

ባለበት ሳይቆም እየተወረወረ የሚያልፍ ባለ ሹል ክንፍ ከሆነ መርሊን ወይም ሆቢ ሊሆን ይችላል። መርሊን ትንሽና ደንዳና ነው፤ ክፍት ሜዳ ላይ መሬት ታክኮ ትንሽ ወፍ ያሳድዳል፤ ሪዙ ደብዛዛ ነው። ሆቢ ረጅም ቀጭን ክንፍ አለው፤ ጉንጩ ነጭ፣ ሪዙ ደማቅ፣ የጎለመሰው ጭኑ ላይ ቀይ ሱሪ የለበሰ ይመስላል። የውሃ ተርብ በአየር ላይ ቀልቦ፣ እግሩን ወደ ምንቃሩ አንስቶ፣ ሳያርፍ እየበረረ የሚበላ ካያችሁ ሆቢ መሆኑን መጀመሪያ ጠርጥሩ። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ደረቅ ቦታዎች ደግሞ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ፒግሚ ፋልከን አለ፤ በሸማኔ ወፎች ጎጆ የሚኖር ነው፤ በመጠኑ ብቻ ከሌሎቹ ይለያል።

መጠንና ፎቶ

«ርግብ ያህላል» ሲባል ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ። ባዶ ሰማይ ላይ ያለ ወፍ መለኪያ የለውም፤ ዓይናችን ርቀቱን ገምቶ መጠኑን ይፈጥራል። ከጎኑ የታወቀ ወፍ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። ቁራዎች አዳኝ ሲያዩ ማባረር ይወዳሉ፤ ያኔ ቁራው ሜትራችሁ ይሆናል።

ፎቶ ካነሳችሁ ቆንጆ እንዲሆን አትጨነቁ። ዓይኑ፣ የክንፉ ጫፍ ከጅራቱ ጋር፣ የጅራቱ የላይኛው ገጽና እግሩ የሚታዩባቸው አራት መጥፎ ፎቶዎች ከአንድ ውብ የፊት ፎቶ ይሻላሉ። ጎጆ አጠገብ ግን አትጠጉ፤ ወላጆቹ ሲሸሹ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

የስልክ መተግበሪያም ይረዳል። የኮርኔል የአእዋፍ ላቦራቶሪ መርሊን የሚባል መተግበሪያ አለው፤ ስሙን ከላይ ከጠቀስኩት ፋልከን ጋር ይጋራል። ቦታውንና ቀኑን ስለሚጠይቅ በዚያ ወቅት እዚያ የማይኖሩትን ይቀንስላችኋል፤ ቦታና ቀን ሳትሞሉ የጫናችሁት ፎቶ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። የሚሰጣችሁን ስም እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ምስክር ውሰዱት፤ ከዚያ ዓይኑን፣ ክንፉንና እግሩን ራሳችሁ አመሳክሩ። ስሙ ካልመጣላችሁ «ፋልከን፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መመዝገብ ነውር የለውም፤ እኔ ማስታወሻዬ ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ አለኝ።

ከሁሉም የሚከብደው ጥንድ

ኬስትሬል መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ አንድ ምርጫ ይቀራል፦ የተለመደው ኬስትሬል ነው ወይስ ሌሰር ኬስትሬል? ሌሰሩ በደቡብ አውሮፓና በእስያ ይራባል፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ ወደ አፍሪካ ይሻገራል፤ በመንጋ ሆኖ ፌንጣ፣ አንበጣና ምስጥ ያሳድዳል። አንድ ሜዳ ላይ አሥራ አምስት ኬስትሬል አብረው ሲያድኑ ካያችሁ ጥርጣሬያችሁ ወደ እሱ ይሂድ።

ወንዱ ይለያል። የሌሰር ወንድ ጀርባው ላይ ነጠብጣብ የለም፣ ፊቱ ላይ ሪዝ የለም፤ ክንፉ ላይ በሸክላው ቀለምና በጥቁሩ መካከል ግራጫ ሰሌዳ አለ። ሲቀመጥ የክንፉ ጫፍ ወደ ጅራቱ ጫፍ ይቀርባል። ሴቶቹ ግን ጭንቅ ናቸው፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ ከሩቅ ሆነው አይምሉባቸውም። እዚህ ላይ የሚፈርደው ጥፍር ነው፦ የተለመደው ኬስትሬል ጥፍሩ ጥቁር፣ የሌሰሩ ነጣ ያለ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ የተለመደ ኬስትሬል ብዬ ያስቀመጥኳት ሴት ፎቶ ነበረችኝ። አጥር እንጨት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ፌንጣ ይዛ ወደ ምንቃሯ አንስታለች። አንድ ቀን ሌላ ነገር ስፈልግ ፎቶውን ከፍቼ አጎላሁት። ፌንጣው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በላዩ ላይ የተጠማዘዙት ሦስት ጥፍሮች ግን እንደ በቆሎ ፍሬ ነጣ ብለው ይታያሉ። የፋይሉን ስም ቀየርኩና በዚያው ቀን የተነሱትን ሌሎች አሥራ አንድ ፎቶዎች ከፍቼ እግር እግሩን ብቻ ማየት ጀመርኩ።